በሸራ ላይ የተሰማሩ ላሞች

በኔዘርላንድ ሙዚየሞች ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚያልፈው ክፍል አለ። ላም፣ በግ፣ ዛፍ፣ ደመና፣ አሁንም ላም። እኔም በዚያ ክፍል አቋርጬ ወደ ሬምብራንትና ወደ ቨርሜር ከሚሮጡት አንዱ ነበርኩ። ገጠር ተወልጄ፣ ጥጃ እየጠበቅሁ አድጌ፣ ላም ለማየት ትኬት መቁረጥ አለብኝ እንዴ? እል ነበር። ዛሬ የምሄደው በአብዛኛው ለእነዚያ ላሞች ነው። በመካከሉ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ሳይሆን ትዝ እንዳለኝ አስፍሬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የእረኛ ዓይን ለሥዕልም ይሠራል።

ሥዕል ማየት ስጀምር ስለ ከብት የማውቀውን ደብቄ ነበር። መጻሕፍቱ ስለ ብርሃን አወራረድና ስለ ቡርሽ አጣጣል ያወራሉ፤ እኔም እነሱን መስዬ ለማውራት እጥር ነበር። ዘ ሄግ ከተማ፣ ማውሪትስሃውስ በሚባለው ሙዚየም ውስጥ በፓውሉስ ፖተር «ኮርማው» ፊት ቆሜ ለጓደኞቼ ያስረዳሁት ሁሉ የተዋስኩት ነበር።

አንድ ቀን የሥዕሉን ፎቶ ከብት በመነገድ ለኖረ አጎቴ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እንዴት ያለ ኮርማ ነው? ፊቱ ጎልማሳ፣ ኋላው ወይፈን!»

«ጋሼ፣ ሥዕል እኮ ነው። በ1647 የተሣለ።»

«ሥዕልስ ቢሆን! ሲገዙት አላዩትም?»

ሳቅሁ፤ ከዚያ ሄጄ አነበብኩ። ለካ ባለሙያዎቹም ያንኑ ብለዋል። ትከሻው የጎለመሰ ኮርማ ነው፣ የኋላ አካሉ ግን ገና ያልጠና ነው። ፖተር በየሜዳው ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸውን ከብቶች እያጠና ነድፎ፣ ቤቱ ገብቶ አንድ ላይ ገጣጥሟቸዋል። በየትኛውም ገበያ የማይገኝ ኮርማ ነው የሠራው። እኔ ደግሞ «ከሕይወት እንዳለ የተቀዳ» እያልኩ ሳደንቀው ከርሜአለሁ።

ይህን ማወቄ አድናቆቴን አልቀነሰውም። የላሚቱ አፍንጫ እርጥብ ነው፤ በኮርማው ግንባር ላይ ፀጉሩ ይጠቀለላል፤ ዝንቦቹ ጀርባው ላይ አርፈዋል፤ እበቱም አልተረሳም። ሣሩ ውስጥ እንቁራሪት አለች፤ ሰማዩ ላይ ወፍ ትበራለች። እነዚህን ሁሉ ያየሁት ግን የመጽሐፉን ቋንቋ ትቼ፣ ገበያ እንደወጣ ሰው ከሰኮና እስከ ቀንድ መመልከት ስጀምር ነው። እርስዎም ከብት የሚያውቁ ከሆነ ዕውቀትዎን በር ላይ ከካፖርትዎ ጋር አያስረክቡ።

2. መጠኑን ሳይለኩ አይለፉ።

«ኮርማው» ወደ 2.4 ሜትር ከፍታና ወደ 3.4 ሜትር ወርድ አለው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ስናየው ይህ ይጠፋል። በዚያ ዘመን ይህን የሚያህል ሸራ የሚዘረጋው ለንጉሥ፣ ለጦር ሜዳ ወይም ለመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነበር። የሃያ አንድ ወይም የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ መጥቶ በንጉሡ ቦታ ኮርማ አቆመበት። ሸራው በኋላ የተሰፋ መሆኑም ይታወቃል፤ መጀመሪያ የታሰበው ኮርማው ብቻውን ነበር፤ ከዚያ ጨርቅ እየተቀጠለ ገበሬው፣ ዛፉ፣ በጎቹና ላሚቱ ገቡ።

በ1795 የፈረንሳይ ጦር አገሩን ሲይዝ ሥዕሉን ወደ ፓሪስ ወስዶ ሉቭር ሰቀለው። የተመለሰው ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ በ1815 ነው። ሠራዊት ላም ሲዘርፍ የቆየ ልማድ ነው፤ የተሣለውንም መንዳቱ ግን ያስቀኛል።

3. መስኩ ከላሞቹ በፊት የተሠራ ነው።

ሣሩን ዝም ብሎ የበቀለ ሣር አድርጌ አየው ነበር። እግዜር የሰጠው ለምለም ሜዳ፣ ከብት የተለቀቀበት። ይህን ያስተወኝ ከአምስተርዳም በስተ ሰሜን ያለውን ቤምስተርን በእግር መዞሬ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ቦዩ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በሰልፍ የቆመ። ቦታው እስከ 17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሐይቅ ነበር። የአምስተርዳም ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጡ፤ ዙሪያውን ግድብ ሠሩ፣ ቦይ ቆፈሩ፤ ከ40 በላይ የነፋስ ወፍጮዎች አቆሙ። ወፍጮ ይባሉ እንጂ እህል አይፈጩም፤ ሥራቸው ውሃውን ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እያወጡ ወደ ቦዩ መድፋት ነው። በ1610 ማዕበል ግድቡን ጥሶ የተለፋበትን ሁሉ መልሶ ውሃ አለበሰው። እንደገና ጀመሩ፤ በ1612 ደረቀ። ከ7 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት፣ ከባሕር ወለል በታች ሜትሮች ዝቅ ብሎ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደረቅ ነው። ገንዘብ ካዋጡት ዋነኞቹ አንዱ ዲርክ ፋን ኦስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ከመሠረቱት ነጋዴዎች መካከል ነበር። የቅመም ገንዘብ ሣር ሆነ ማለት ነው።

የቀረው የሆላንድ ዝቅተኛ ምድር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። አብዛኛው አፈር ለብዙ ዘመን በረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ሣርና እንጨት ክምችት ነው። ውሃው ሲንጠፈጠፍለት ይሰጥማል፤ ሲሰጥም ውሃው ተመልሶ ይቀርበዋል። እንዲህ ያለ መሬት ለእህል አይመችም፤ ለሣር ግን ይሆናል። ታዲያ ሕዝቡ ምን በላ? እህሉ በመርከብ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ በተለይ ከግዳንስክ ይመጣ ነበር። እንጀራቸው በባሕር ስለመጣላቸው ሜዳቸውን ለቅቤና ለአይብ መስጠት ቻሉ። የሚታረድ ከብት ሳይቀር ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ከዴንማርክ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ በሬዎች ይመጡና በዚሁ ሣር ላይ ይደልባሉ። ፖተር የተወለደባት የኤንክሃውዘን ወደብ የእነዚህ በሬዎች ገበያ ነበረች። ልጁ ከብት መመልከት የጀመረው ከየት ነው ብዬ ስጠይቅ የማስበው ይህችን ገበያ ነው፤ በልጅነቱ ከዚያ ወጥቶ አምስተርዳም ማደጉን ባውቅም።

እኛ አገር ላም ስትግጥ አጠገቧ እርሻ አለ፤ በሬው ያርሳል፣ ገለባው ተመልሶ ለከብቱ ነው። በነዚህ ሥዕሎች ላይ ግን ማረሻ የሚጎትት በሬ ፈልጌ ድካሜ ብቻ ቀረ። ሠዓሊዎቹ ረስተውት መስሎኝ ነበር። አሁን ከላሚቱ ሆድ ሥር ግድቡን፣ ወፍጮውንና የግዳንስኩን መርከብ ጭምር አያለሁ።

4. ገበሬው ሥዕሉን አልገዛውም።

ይህ ከተነገረ በኋላ ግልጽ ነው፤ እኔ ግን ሳላስበው ብዙ ቆይቻለሁ። ላም የተሣለበት ሸራ የሚሰቀለው ላም በሌለበት ቤት ነው። ሆላንድ በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ሁሉ ይልቅ ሕዝቧ በከተማ የተሰበሰበባት ምድር ነበረች፤ ገዢው ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ የከተማ ሹሙ ነው። ፖተርን ካደገ በኋላ መልሶ ወደ አምስተርዳም ስቦ ያመጣው ሐኪሙና ሹሙ ኒኮላስ ቱልፕ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ሰው በ1632 ሬምብራንት ከአስከሬን ፊት ቆሞ ሲያስተምር የሣለው ያው ዶክተር ቱልፕ ነው። ላሞቹን ጥዬ የምሮጥበት የሬምብራንት ሥዕል ውስጥ የቆመው ሰው የላሞቹ ደጋፊ ሆኖ ማግኘቴ ትንሽ አሳፍሮኛል። ሁለቱም ሥዕሎች በአንድ ሙዚየም ናቸው።

ከተሜነት የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። ፖተር በ1649 አንድ የገበሬ ግቢ ሣለ፤ መካከል ላይ አንዲት ላም ሽንቷን ትሸናለች። የሠዓሊዎቹን ታሪክ የጻፈው አርኖልድ ሃውብራከን እንደሚለው ሥዕሉ የታዘዘው ለልዕልት አማሊያ ፋን ሶልምስ ነበር፤ ግን ለልዕልት ዓይን አይገባም ተብሎ ተመለሰ። እረኛ ለነበረ ሰው ይህ ጨዋታ ነው። ላም ከመሽናት ውጭ ምን ታድርግ? ሆኖም ሥዕሉ አልተዋረደም፤ ቆይቶ የናፖሊዮን ሚስት የጆሴፊን፣ ከዚያም የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የቀዳማዊ አሌክሳንደር ንብረት ሆኖ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኤርሚታዥ ውስጥ ተሰቅሏል።

5. የካይፕ ፀሐይ ከሌላ አገር ነው።

የዶርድሬኽቱ አልበርት ካይፕ (1620–1691) ላሞች ከፖተር ላሞች ይለያሉ። በወንዝ ዳር ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ከበስተኋላ መርከብ ቆሟል፤ ሁሉም ነገር በማር ቀለም ብርሃን ተነክሯል። አድማሱን በጣም ዝቅ ስለሚያደርገው አንዲት የተኛች ላም ከከተማው ቤተ ክርስቲያን ትገዝፋለች።

ያንን ብርሃን ፍለጋ በባቡር ዶርድሬኽት ወረድኩ። ሰማዩ እንደ አመድ ነበር። ሌላ ቀን ሄድኩ፤ ዘነበ። አንድ የማውቀው የሥዕል መምህር ሲሰማ ሳቀብኝና «የምትፈልገው ጣሊያን ነው» አለኝ። ያን ቦት የተባለ የኡትሬኽት ሠዓሊ ሮም ቆይቶ በ1640ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስ የደቡቡን የምሽት ፀሐይ በቀለም ይዞ መጣ። ካይፕ ጣሊያን ሄዶ አያውቅም፤ ብርሃኑን ከቦት ሥዕሎች ወስዶ በራሱ ከተማ ላሞች ላይ አፈሰሰው። እኔ ሰማይ አይቶ የሣለው መስሎኝ ባቡር ተሳፈርኩ።

ካይፕ በ1658 ባለጸጋ መበለት አግብቶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በዲያቆንነትና በሽማግሌነት እያገለገለ፣ ሥዕሉን ከሞላ ጎደል ተወው። በ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ባላባቶች ሥራዎቹን እየለቀሙ ስለወሰዱ ምርጦቹን ማየት የሚፈልግ ሰው ከዶርድሬኽት ይልቅ ለንደን ቢሄድ ይሻለዋል። እዚያ ብሔራዊው ሙዚየምና ደልዊች ውስጥ ያሉት ላሞች አንድ ቀን ሙሉ ይበቃሉ።

6. የአንድ ስም ሥዕል የሁለት ሰው እጅ ሊኖርበት ይችላል።

አድሪያን ፋን ደ ፌልደ (1636–1672) የራሱ ድንቅ የመስክ ሥዕሎች አሉት። ከዚያ በላይ ግን ለሌሎች ሠዓሊዎች መልክዓ ምድር ሰዎችንና ከብቶችን እየጨመረ ይሠራ ነበር፤ ያኮብ ፋን ራውስዳል ዛፉንና ደመናውን ይሥላል፣ አድሪያን ላሚቱን ያስገባል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ የግድግዳውን ጽሑፍ ከማንበቤ በፊት ላሚቱን ነው የማየው።

7. በመስኩ ላይ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው።

የበረዶ ሥዕሎችማ ሞልተዋል። ሄንድሪክ አቨርካምፕ ዕድሜውን የፈጀው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችን በመሣል ነው። በእነዚያ ላይ ታዲያ የሚግጥ ከብት አያዩም፤ ላሞቹ የብርድ ወራቱን በረት ውስጥ ታስረው ድርቆሽ እየበሉ ነው የሚያሳልፉት። የከብት ሥዕል ሲባል ግን ዘወትር ሣር የደረሰበት ወቅት ነው። ላም የምታልብ ሴት አልፎ አልፎ ትታያለች፤ እሷም ንጹሕ ሽርጥ ታጥቃለች። ድርቆሽ ማጨድ፣ እበት መዛቅ፣ ቦይ መጥረግ፣ በውድቅት መነሣት፣ ይህ ሁሉ ከክፈፉ ውጭ ነው። የፖተር «በውሃ የተንጸባረቁ ላሞች» (1648) ላይ እንዲያውም ከላሞቹ ወዲያ ሰዎች ይዋኛሉ። ከተሜው ገጠር የሚወጣው ለመንፈስ ዕረፍት ነው።

መጀመሪያ ይህን ስረዳ ተቆጣሁ። ውሸታሞች አልኳቸው። በኋላ ግን የነበሩበትን ዘመን አሰብኩ፤ ከስፔን ጋር የተደረገው የሰማንያ ዓመት ጦርነት ያበቃው በ1648 ነው። ያ ከተሜ ገዢ ሰላም የሆነ መስክ ግድግዳው ላይ ቢሻ አይፈረድበትም። ድካሙን ማየት የሚፈልግ ሰው እስከ ቫን ጎኽ ይጠብቅ። ቫን ጎኽ በ1884 ኑነን መንደር ውስጥ ጋሪ የሚጎትቱ በሬዎችን ሣለ፤ በሬዎቹ ቆመዋል፣ ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ተሰቅሏል። አጎቴ እነዚህን ቢያይ ዋጋ አይጠራም ነበር።

8. የላሞቹን ቀለም ይጠይቁ።

እኛ አገር «የፈረንጅ ላም» ሲባል ዓይን ላይ የሚመጣው ጥቁርና ነጭ ነው። በሥዕሎቹ ላይም እሷን ነበር የምፈልገው። አለች፤ ግን ጥቂት ናት። የበዙት ቀይ፣ ቡናማ፣ ዳለቻ፣ ቀይና ነጭ ናቸው። ሠዓሊዎቹ ሞቅ ያለ ቀለም ስለሚወዱ ነው ብዬ ለራሴ አብራርቼ ጨረስኩ፤ ማብራሪያዬ ለረጅም ጊዜ በጣም አርክቶኝ ነበር። ከብቱ ራሱ ሌላ እንደነበር ማን አስቦት!

በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ከ1713፣ ከ1744 እና ከ1768 ጀምሮ በሦስት ዙር፣ የከብት ወረርሽኝ ኔዘርላንድን መታት። በሽታው የእኛ የከብት ሐኪሞች የደስታ በሽታ የሚሉት ነው። ብዙ በረት ባዶ ቀረ። ገበሬዎቹ መስኩን መልሰው የሞሉት ከዴንማርክና ከሰሜን ጀርመን ባመጡት ከብት ነው፤ ጥቁርና ነጩ ከዚያ ወዲህ እየበዛ ሄደ። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ አሜሪካውያን ገዢዎች እሱኑ መርጠው ጠየቁ፤ በ1874 የከብት ዘር መዝገብ ተከፈተ፤ ቀዩ እየቀነሰ ሄደ። ፖተርና ካይፕ የሣሏቸው ላሞች በከፊል የጠፋ መንጋ ናቸው።

ይህን ሳነብ ቀዝቅዤ ቀረሁ። ያው በሽታ በ1880ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ወደ አገራችን ገብቶ፣ በሬውን ፈጅቶ፣ ገበሬውን ያለ ጥማድ አስቀርቶ፣ ክፉ ቀን የምንለውን ረሃብ አምጥቷል። ሆላንዶቹ ከብታቸው ሲያልቅ እህላቸው በመርከብ ይመጣ ነበር፤ እኛ እርሻችንም በሬው ትከሻ ላይ ነበር። በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ በይፋ የታወጀው በ2011 ነው። ዛሬ በሆለታና በቢሾፍቱ ዙሪያ የሚታለቡት ጥቁርና ነጭ ዲቃሎች ደግሞ ዘራቸው የሚመዘዘው ከእልቂቱ በኋላ መስኩን ከሞላው ከዚያ መንጋ ነው። አሁን አንዲት ቀይ ላም በካይፕ ወንዝ ዳር ተኝታ ሳይ እንደ ቀለም ምርጫ አላያትም።

9. ላም የተሣለበት ምክንያት በየዘመኑ ይለያያል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የዘ ሄግ ሠዓሊዎች ወደ መስኩ ተመለሱ። አንቶን ማውቨ (1838–1888)፣ የቫን ጎኽ ዘመድ በጋብቻ፣ በግራጫ ጭጋግ ውስጥ የሚሄዱ በጎችን ይሥል ነበር፤ አሜሪካውያን ተሻሙባቸው። ወደ ተመልካቹ የሚመጡ በጎች ጀርባቸውን ሰጥተው ከሚሄዱት በዋጋ ይለያዩ እንደነበር ይነገራል። እውነት ከሆነ ከብት ተራ የቆመ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ፒት ሞንድሪያንም ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አራት ማዕዘኖቹን ከማስመሩ በፊት ላሞችን ሥሏል፤ አምስተርዳም አጠገብ ዳይፈንድሬኽት ያለውን አንድ የገበሬ ቤት ደግሞ ከውሃው ነጸብራቅ ጋር ደጋግሞ ሥሎታል። መስመሮቹ ከቤምስተር ቦዮች መጡ የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንም፤ ግን ሲሉት ደስ ይለኛል።

10. ሁሉንም መውደድ ግዴታ አይደለም።

የሃርለሙ ኒኮላስ በርኸም (1620–1683) በ18ኛው መቶ ዘመን ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለግ ነበር። ላሞቹ በጣሊያን ፍርስራሽ መካከል ይሄዳሉ፤ እረኛይቱ ደማቅ ቀሚስ ለብሳ በበቅሎ ተቀምጣለች፤ ተራራው ሰማያዊ ነው። አዋቂዎች ስለ አነዳደፉ ቅልጥፍና ብዙ ነግረውኛል፤ ከፊቱም ደጋግሜ ቆሜአለሁ። ላሞቹ አያመሰኩም፤ ዝንብ አያርፍባቸውም። አባቱ ፒተር ክላስ የገበታ ሥዕል ሠዓሊ ነበር፤ አንድ ዓሣ፣ አንድ ዳቦ፣ አንድ ብርጭቆ። በርኸም ወዳለበት ክፍል ስደርስ አባቱን ፍለጋ እወጣለሁ።